ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ቅርንጫፍ፦ የአንደሉስ አትክልተኞች ዕውቀት የት ደረሰ?

 

የዛሬውን ጽሑፍ በአደስ እንጀምር። ስሙን የማያውቅ ቢኖር እንኳ ሽታውን የማያውቅ ያለ አይመስለንም። እናቶቻችንና አያቶቻችን ከቅቤ ጋር አዋህደው ጠጉራቸውን የሚቀቡት፣ ትናንሽና አብረቅራቂ ቅጠል ያለው፣ ክረምት ከበጋ አረንጓዴነቱን የማይለቅ ተክል ነው። ይኸው አደስ ከእኛ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በስፔኗ ግራናዳ፣ በአል-ሐምራእ ቤተ መንግሥት ውስጥ አንድን ግቢ በስሙ አስጠርቷል። በግቢው መሐል ረጅም የውኃ ገንዳ አለ፤ በገንዳው ግራና ቀኝ እኩል የተከረከመ የአደስ አጥር ተዘርግቷል። ስፔኖች ቦታውን "ፓቲዮ ዴ ሎስ አራያኔስ" ይሉታል፤ የአደሶቹ ግቢ ማለት ነው። "አራያን" የሚለው ቃላቸው ደግሞ "አር-ረይሓን" ከሚለው ዐረብኛ የመጣ ነው። (እኛ ሬሓን የምንለው ሌላ ተክል መሆኑን ልብ በሉ። አንደሉሶች ግን በዚህ ስም አደስን ይጠሩ ነበር።)

ስለ አንደሉስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ጣሪቅ ኢብን ዚያድ፣ ስለ ቁርጡባ መስጂድና ስለ ታላላቆቹ ሐኪሞች ነው። እነዚያን አጥሮች ማን ተከላቸው? በምን ዕውቀት? ባለቤቶቹ ከተባረሩ በኋላስ ተክሉ እንዴት ተረፈ? ዛሬ ስለ አትክልተኞቹ እናወራለን።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ስንዴና ምስር በየዓመቱ ይዘራሉ፣ ይታጨዳሉ፣ ያልቃሉ። ጽጌረዳ፣ አደስ፣ ሮማን፣ በለስ፣ ወይንና ተምር ግን አንዴ ከተተከሉ ለብዙ ዓመት የሚኖሩ ናቸው። እነዚህን ከዘር ማብቀል ይቻላል፤ ችግሩ ልጁ እናቱን ላይመስል መቻሉ ነው። ጣፋጭ ሮማን በልታችሁ ፍሬውን ብትዘሩ የሚወጣው ኮምጣጣ ሊሆን ይችላል። የተምርን ፍሬ ብትዘሩ ደግሞ ከሚበቅሉት ግማሽ ያህሉ ወንድ ይሆናሉ፤ ወንዱ ፍሬ አይሰጥም። የእናቲቱን ዓይነት ሳይለወጥ ለማግኘት ከራሷ አካል መውሰድ ያስፈልጋል፦ ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከል፣ ከሥሯ የወጣውን ልጅ ነጥሎ መውሰድ፣ ወይም በሌላ ግንድ ላይ ማዳቀል። እንዲህ ያለው ተክል እንዲቀጥል ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንድ ቆርጦ የሚሰጥ፣ አንድ ተቀብሎ የሚተክል።

ይህ ነገር ለዲናችን እንግዳ አይደለም። ቂያማ ልትቆም ሳለች እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው ከቻለ እንዲተክለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዙበትን ሐዲስ ብዙዎቻችን ሰምተነዋል። በአማርኛ "ችግኝ" ብለን የምናልፈው ቃል በዐረብኛው "ፈሲላ" ነው። ፈሲላ ከዘር የበቀለ ቡቃያ ሳይሆን ከተምር ዛፍ ሥር ወጥቶ ከእናቱ የተነጠለ ልጅ ነው፤ ቃሉ ራሱ መነጠልን ያመለክታል። የሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ታሪክም ያው ነው። ሰልማን ከባርነት ነፃ ለመውጣት ከጌታው ጋር በ300 የተምር ችግኝና በ40 ኡቂያ ወርቅ ተዋዋለ። ሶሐቦች ችግኙን አዋጡለት፤ አንዱ 30፣ ሌላው 20፣ ሌላው 15፣ ሌላው 10፣ እያንዳንዱ በአቅሙ። ሰልማን ጉድጓዶቹን ቆፈረ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገዛ እጃቸው ተከሉለት። ኢማም አሕመድ በዘገቡት መሠረት አንዱም አልደረቀም። ከየጓሮው ተነቅሎ የመጣ ፈሲላ አንድን ሰው ነፃ አወጣ።

አሁን ወደ አንደሉስ እንሻገር። ከዐባሲያዎች ሰይፍ አምልጦ የመጣው ዐብዱራሕማን አድ-ዳኺል ከ756 እስከ 788 እ.ኤ.አ. ቁርጡባ ላይ ገዛ። ከከተማዋ ውጭ ያቋቋመውን የአትክልት ቦታ በሶሪያ በነበረው የአያቱ የሂሻም ቤተ መንግሥት ስም "ሩሷፋ" ብሎ ጠራው። አገሩን የናፈቀ ሰው አገሩን በአትክልት መልሶ ሊያቆም ሞከረ እንበል። ስለ አንዲት ብቸኛ የተምር ዛፍ ግጥም መግጠሙም ይታወቃል። በታሪክ ጸሐፊው አል-መቀሪ ዘንድ ያለው አንድ ዘገባ ግን ከግጥሙ ይልቅ ለዛሬው ጉዳያችን ይጠቅማል። ከሶሪያ ለአሚሩ ሮማን መጣለት፤ በዙሪያው ላሉት አከፋፈለ። ከተቀበሉት አንዱ ሰፈር ኢብን ዑበይድ የሚባል ሰው ነበር። ሌሎቹ በሉት፤ እሱ ወደ መንደሩ ወስዶ ፍሬውን ዘራ፣ ተንከባከበው፣ ሲያፈራ ለአሚሩ ይዞ መጣ። ሮማን ከዘር እናቱን ላይመስል ይችላል ብለናል፤ እሱ ግን ተሳካለት። ያ ሮማን በአንደሉስ ተሠራጭቶ "ሰፈሪ" ተባለ። የአሚሮችን ስም የረሳ ገበሬ ሁሉ የዚህን ሰው ስም ሮማን በገዛ ቁጥር ይጠራው ነበር።

ዕውቀቱ በመጽሐፍ መልክ የተሰባሰበው ከዚያ በኋላ ነው። በ961 እ.ኤ.አ. ገደማ ቁርጡባ ላይ የተዘጋጀው የቀን መቁጠሪያ በየወሩ ምን እንደሚተከል፣ ምን እንደሚለቀም ይዘረዝራል። አዘጋጆቹ ዐሪብ ኢብን ሰዕድ የሚባል ሙስሊምና አንድ ክርስቲያን ጳጳስ እንደሆኑ ይነገራል። ትልቁ ዘመን ግን 11ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ቦታውም ጡለይጢላ፣ የዛሬዋ ቶሌዶ። ከተማዋን ከ1043 እስከ 1075 የገዛው አል-መእሙን በወንዙ ዳር ሰፊ የአትክልት ቦታ ነበረው። በዚያ ከሠሩት መካከል ሐኪሙ ኢብን ዋፊድና የዛሬው ባለ ታሪካችን ኢብን በሷል ይገኙበታል።

ኢብን በሷል ሐጅ ያደረገ፣ በመንገዱም ሲሲሊንና ግብፅን ያየ ሰው ነው። ለአል-መእሙን ስለ እርሻ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ፤ ወደኛ የደረሰው በ16 ምዕራፍ የተጠቃለለው ነው። በዘመኑ ጸሐፊ ሁሉ "እገሌ እንዳለው" እያለ ሲጽፍ፣ ይህ ሰው የሌላ ሰው መጽሐፍ አይጠቅስም፤ የሚጽፈው በእጁ የሠራውን ነው። ውኃን በአራት ይከፍላል፤ የዝናብ፣ የወንዝ፣ የምንጭና የጉድጓድ። አፈርን በ10 ዓይነት ለይቶ እያንዳንዱ ምን እንደሚስማማው ይናገራል። ፍግን እንኳ ያበላልጣል፤ የፈረስና የአህያው ሌላ፣ የበጉ ሌላ፣ የርግቡ ደግሞ ትኩስና ኃይለኛ ስለሆነ በመጠን የሚጨመር።

ከሁሉም የማረከን የማራባቱ ክፍል ነው። እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ እንናገር። ከጎረቤት ቆርጠን ያመጣነውን ጽጌረዳ ሦስት ጊዜ ተክለን ሦስት ጊዜ ደርቆብናል። አበባ የያዘውን ለስላሳ ጫፍ ቆርጠን፣ በቆርቆሮ አፈር ላይ ሰክተን፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠን፣ ጠዋትና ማታ ውኃ ስናንቆረቁርበት ሰነበትን። አንደኛው ደረቀ እንበል እንጂ ሁለቱ የበሰበሱ ናቸው። የአንደሉስ መጻሕፍት ይህን ሥራ በየስሙ ለያይተው አስቀምጠውታል። "አውታድ" ማለት ካስማዎች ማለት ነው፤ ጠንከር ካለ ግንድ የተቆረጠ፣ እንደ ካስማ አፈር ውስጥ የሚገባ። "መልኽ" ደግሞ በቢላ የተቆረጠ ሳይሆን ከእናቱ ግንድ ተረከዙን ይዞ የተገነጠለ ቅርንጫፍ ነው። "ተክቢስ" የሚባለው ለችኩል ሰው አይሆንም፦ ቅርንጫፉ ከእናቱ ሳይቆረጥ ወደ መሬት ይጎነበሳል፣ መሐሉ አፈር ይለብሳል፣ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይወጣል። ሥር እስኪያወጣ ድረስ እናቱ ታጠባዋለች። ሥር ከያዘ በኋላ ነው ከእናቱ የሚለየው።

ቆርጦ ለመትከል ለሚፈልግ ሰው ምክንያቱን ማወቅ ይበጃል። ቅርንጫፉ ሥር የለውም፤ ስለዚህ ውኃ መጠጣት አይችልም። ቅጠሉ ግን ውኃ ማትነኑን አያቆምም። ያለው ስንቅ ግንዱ ውስጥ የተጠራቀመው ብቻ ነው። ለጋውና አበባ የያዘው ጫፍ ስንቅ የለውም፤ ያለውንም ለአበባው ይጨርሰዋል። የጠነከረው፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ክፍል ግን ሥር እስኪያወጣ የሚያቆየው አለው። አብዛኛው አካሉ አፈር ውስጥ ገብቶ ሁለት ወይም ሦስት ዐይን ብቻ ውጭ ቢቀር፣ ታችኛው ቅጠል ቢራገፍ፣ ጥላ ቢያገኝ፣ አፈሩ እርጥበት ቢኖረው እንጂ ጭቃ ባይሆን ብዙ ጊዜ ይይዛል። አራተኛው ጽጌረዳችን በዚህ መንገድ ቅጠል አውጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ።

ስለ ጽጌረዳ ካነሣን አንደሉሶች ሌላም ዘዴ ነበራቸው። የእነሱ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ እንደኛው ዝናብ አይደለም፤ ደረቅ ሐሩር ነው። በዚያ ሐሩር ጽጌረዳውን ሆን ብለው ውኃ ይከለክሉታል፤ ተክሉ ተጠምቶ ያንቀላፋል። የሙቀቱ ማብቂያ ሲቃረብ አጥግበው ሲያጠጡት ደረቁ ወቅት አልፎ ፀደይ የመጣ መስሎት በመኸር ዳግም ያብባል። ተክል እንክብካቤ ማለት ሁልጊዜ ማጠጣት ብቻ የሚመስለን ሰዎች ልብ ልንለው ይገባል።

ከሁሉ የሚደንቀው ዛዕፈራን ነው። ሥሩ እንደ ሽንኩርት ክብ ነው፤ በመኸር ሐምራዊ አበባ ያወጣል፤ ከአበባው የሚፈለገው ሦስት ቀጫጭን ቀይ ክሮች ብቻ ናቸው። አንድ ግራም ደረቅ ዛዕፈራን ለማግኘት 150 ያህል አበባ መልቀም ያስፈልጋል። ወደ አይቤሪያ ምድር ያስገቡት ሙስሊሞች ናቸው፤ የስፔንኛው "አሳፍራን" ከዐረብኛው የተወሰደ ነው፤ ዛሬም ላ ማንቻ በሚባለው የስፔን አውራጃ ይለማል። የሚደንቀው ይህ ነው፦ ዛዕፈራን ዘር የለውም። መካን ነው። የዘንድሮው ሥር አብቦ ይሞታል፤ በላዩ ላይ ትናንሽ ልጆች ትቶ ያልፋል። ልጆቹ በየጥቂት ዓመቱ በሰው እጅ ካልተቆፈሩ፣ ካልተለያዩና በሌላ አፈር ካልተተከሉ ተጨናንቀው እየከሱ ይሄዳሉ። ነፋስም ወፍም ሩቅ አያደርሰውም። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ እያንዳንዱ የዛዕፈራን ሥር ከኋላው ያልተቋረጠ የሰዎች ሰንሰለት አለው። እገሌ ከእገሌ፣ እገሌ ከእገሌ እየተቀበለ እዚህ ደርሷል። ደረጃው እንደማይገናኝ እያወቅን፣ ለማነጻጸር ያህል ብቻ፣ ኢስናድ ያለው ተክል ብንለው አንሳሳትም። ከመሐል አንድ ትውልድ እጁን ቢሰበስብ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ሰንሰለቱ ሊበጠስ የሚችልበት ቀን ለጡለይጢላ ብዙም አልራቀም። ከተማዋ በ1085 በአልፎንሶ ስድስተኛ እጅ ወደቀች። ኢብን በሷል ወደ ኢሽቢሊያ፣ የዛሬዋ ሴቪያ ተሰደደ። እዚያ ለገዥው ለአል-ሙዕተሚድ አዲስ የአትክልት ቦታ አቋቋመ፤ ከሱ የተማሩም በራሳቸው ጊዜ መጻሕፍት ጻፉ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዚያው ከተማ ኢብኑል ዐዋም የሚባል ሰው የቀደሙትን ሁሉ ሰብስቦ "ኪታቡል ፊላሓ" የሚል ግዙፍ መጽሐፍ አዘጋጀ። 585 ተክሎችን ይዘረዝራል። የሌሎችን አባባል በስማቸው ይጠቅሳል፤ የራሱ ብሎ የሚጽፈውን ግን ከኢሽቢሊያ አጠገብ ባለው የሸረፍ ኮረብታ ላይ ደጋግሞ የሞከረውን ነው።

እዚህ ላይ ሚዛናችንን እንጠብቅ። በማኅበራዊ ሚዲያ "ሁሉንም የፈጠሩት ሙስሊሞች ናቸው" የሚል ጽሑፍ በየቀኑ እናያለን። እውነት አይደለም፤ እነሱም እንዲህ አላሉም። ኢብኑል ዐዋም ከግሪኮች፣ ከሮማውያንና "የነበጢዎች እርሻ" ከተባለው የኢራቅ መጽሐፍ እንደወሰደ ራሱ ይናገራል። መጽሐፉ ውስጥ የማይሆን ነገርም አለ፤ በጽጌረዳ ሥር ቅርፊት ሰማያዊ ቀለም በመጨመር ሰማያዊ አበባ ማውጣት እንደሚቻል የሚናገር ክፍል ይገኝበታል። ያንን ማንም እንዲሞክር አንመክርም። የዘመናችን ተመራማሪዎችም ቢሆኑ አልተስማሙም። አንድሩ ዋትሰን በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ሙስሊሞች ብዙ አዳዲስ ሰብሎችን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንዳሠራጩ ሲከራከር፣ ሌሎች ደግሞ አንዳንዶቹ ሰብሎች ቀድሞም በአካባቢው እንደነበሩ መልሰውለታል። ለእኛ ትልቁ ነገር ማን ቀደመ የሚለው አይመስለንም። የተቀበሉትን በእጃቸው ፈትነው፣ ጽፈው፣ ለተከታዩ አስረከቡ፤ ይህ ይበቃቸዋል።

ኢሽቢሊያ በ1248 ወደቀች፤ ገርናጣ (ግራናዳ) በ1492። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የታወቀና መራራ ነው። ካርዲናል ሲስኔሮስ በ1500 ገደማ ግራናዳ ላይ የዐረብኛ መጻሕፍትን በአደባባይ አስቃጠለ፤ የሕክምና መጻሕፍትን ብቻ አስተርፎ ወሰደ። ይኸው ካርዲናል በኋላ ገብርኤል አሎንሶ ዴ ኤሬራ የሚባል ሰው ስለ እርሻ መጽሐፍ እንዲጽፍለት አዘዘ። መጽሐፉ በ1513 ታተመ። ኤሬራ ከሚጠቅሳቸው ሊቃውንት አንዱ "አቤንሴኒፍ" ይባላል፤ ይህም የጡለይጢላው ኢብን ዋፊድ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

በ1609 በግድ የተጠመቁት የሙስሊም ልጆች፣ ሞሪስኮዎቹ፣ ከስፔን እንዲወጡ ታወጀ። እስከ 1614 ድረስ 300,000 ያህል ሰው ተባረረ። የበለንሲያው (ቫሌንሲያ) አዋጅ አንድ አንቀጽ ግን ሁሌ ይገርመናል። ከእያንዳንዱ 100 ቤተሰብ 6ቱ እንዲቀሩ ይፈቅዳል። ምክንያቱንም አልደበቀም፦ ቤቶቹን፣ የስኳር መፍጫዎቹን፣ የሩዝ እርሻውንና የመስኖ ቦዩን የሚጠብቅና ለአዲሶቹ ሰፋሪዎች የሚያሳይ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ሰዎቹን ጠሉ፣ እጃቸውን ግን ፈለጉ። ያም ፈቃድ ብዙ አልቆየም። ከተባረሩት መካከል ቱኒዝያ የደረሱት በመጀርዳ ወንዝ ዳር ቴስቱር የምትባለውን ከተማ ቆርቁረው እንደገና አትክልት ተከሉ፤ ከተማዋ እስከ ዛሬ በሮማኗ ትታወቃለች።

ስፔን ውስጥ የቀረው ቋንቋው ነው። የዛሬ ስፔናዊ አትክልተኛ ውኃ የሚለቅበትን ቦይ "አሴኪያ" ይለዋል፤ አስ-ሳቂያ ነው። ገንዳውን "አልቤርካ" ይለዋል፤ አል-ቢርካ ነው። ነጩን ሊሊ አበባ "አሱሴና" የሚለው ከአስ-ሱሰን ነው። የብርቱካን አበባ "አሳር" ሲል አዝ-ዘህር፣ በሶብላውን "አልባአካ" ሲል አል-ሐበቅ ማለቱ ነው። በአጥር ጥግ የሚሠራውን የአበባ መደብ እንኳ "አሪያቴ" ይለዋል፤ ሥሩ "ሪያድ" ነው። ሰውየው ዐረብኛ እየተናገረ መሆኑን አያውቅም። የኢብኑል ዐዋም መጽሐፍም ተመልሶ መጣ፤ በ1802 ማድሪድ ላይ ዐረብኛው ከስፔንኛ ትርጉም ጋር ታተመ። ተርጓሚው ባንኬሪ የሚባል ቄስ ነበር።

ወደ እኛም የቀረበ መስመር አለ። የመንን ከ1363 እስከ 1377 የገዛው የረሱሊያው ሱልጣን አል-አፍደል አል-ዐባስ ስለ እርሻ መጽሐፍ ጽፏል፤ ከጠቀሳቸው ምንጮች አንዱ ኢብን በሷል ነው። ከጡለይጢላ የተነሣው ዕውቀት ከዘይላዕ ባሕር ማዶ፣ የኛ ነጋዴዎችና ደረሶች በሚመላለሱበት አገር ይነበብ ነበር ማለት ነው።

በአደስ ጀምረናልና በእሱ እንጨርስ። የግራናዳ ሙስሊሞች ይተክሉት የነበረው አደስ ከተለመደው የተለየ፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ዓይነት ነበር። ክሉሲየስ የሚባለው የ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓዊ የዕፅዋት ሊቅ መዝግቦታል። ከዚያ በኋላ በአል-ሐምራእ አጥሮች ውስጥ በሌላ ዓይነት እየተተካ ሄደና ተረሳ። በእኛ ዘመን የግራናዳ ተመራማሪዎች በድሮ ጽሑፎች እየተመሩ ሲፈልጉ በጥቂት አሮጌ የአትክልት ቦታዎች ውስጥ ተርፎ አገኙት። "የሞሪስኮ አደስ" ብለው ይጠሩታል። ከነዚያ አሮጌ ቁጥቋጦዎች ቅርንጫፍ እየተቆረጠ እንደገና እየተራባ ነው።

በግቢያችሁ አደስ፣ ጤና አዳም ወይም የቆየ ጽጌረዳ ያላችሁ፣ ቅርንጫፉ ከማን ቤት እንደመጣ እናታችሁን ጠይቁና ጻፉልን።